ሲሙን ከመቀየራችሁ በፊት

(በማኅበራችን የጥር ወር 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ያዣችን የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ስልክ ወጪ ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ለምን እንደሆነ የቆያችሁት አባላት ታውቃላችሁ። አዲስ ለገባችሁት ግን ልናገር። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ እዚሁ ቦታ ቆሜ፣ ይቺኑ ደብተር ይዤ፣ «ሲማችሁን ቀይሩ፣ በወር ይህን ያህል ታተርፋላችሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሒሳቡ ልክ ነበር። ዛሬም ደግሜ አይቼዋለሁ፣ አንድ ብር አልተሳሳትኩም። ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ ግን አንዲት እናታችንን አራት ወር አስለቅሻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ርካሽ ስልክ ስናገር እንደ አዋቂ ሳይሆን አንድ ጊዜ እንደተሳሳተ ሰው አድርጋችሁ ስሙኝ።

መጀመሪያ ወደዚያ ሒሳብ ያስገባኝን ነገር ልንገራችሁ። ያኔ የሳምንት ቁጠባችን 20 ብር ነበር። ከ20 ብር ወደ 30 ብር እናሳድገው የሚል ሐሳብ ቀረበና «ከየት አምጥተን?» ተባለ። ልክ ነው፣ ዘይቱ ጤፉ ሁሉ ወጥቷል። እኔም ለአንድ ወር ሁላችንም በየቀኑ ለስልክ ያወጣነውን እንጻፍ አልኩ። መጻፍ የማትችሉት በልጆቻችሁ አስጻፋችሁ፤ አንዷ እንዲያውም ካርድ በሞላች ቁጥር አንድ አንድ የባቄላ ፍሬ በጣሳ ስታጠራቅም ከርማ ጣሳውን ይዛልኝ መጣች። ከሁሉም ደብተር ትክክለኛው የእሷ ጣሳ ነበር።

የወጣው ነገር ሁላችንንም አስደነገጠን። በቀን 10 ብር የምትሞላ ሴት በወር 300 ብር ትከፍላለች። በማኅበሩ የምትቆጥበው ግን በአራት ሳምንት 80 ብር ነው። «10 ብር ምን አላት» እያልን ለስልክ የምንሰጠው ለነገ ከምናስቀምጠው አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ከዚያም የባሰው አከፋፈላችን ነበር። አብዛኞቻችን ጥቅል እንኳ አንገዛም፤ ካርዱን ፍቀን፣ *805* ብለን ሞልተን፣ በቀጥታ እንደውላለን። ይህ ዘይት በሲኒ እየገዙ ወጥ እንደመሥራት ነው። በሊትር የገዛችው ጎረቤት በርካሽ ታገኘዋለች፣ እኛ ግን የሊትሩ ብር ስለሌለን በሲኒ ስንገዛ ከእሷ የበለጠ እንከፍላለን። ድህነት ራሱ ውድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አዲስ ነበር። ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ያለን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ መንግሥት የያዘው። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፣ ወደ እኛ ለመምጣት ጊዜ ወስዷል። ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግበን ተራ የጠበቅንበትን ዘመን ወጣቶቹ አታውቁትም። ያኔ ቁጥር ያለው ሰው ሥራ ያለው ሰው ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ነሐሴ ላይ የሞባይል ጥሪን ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን ደግሞ በ43 በመቶ ሲቀንስ አስታውሳለሁ፤ ቤት ውስጥ በዓል ነበር የመሰለን። ያም ሆኖ ዋጋ ቢወደድም ቢረክስም መሄጃ ሌላ ቦታ አልነበረንም።

ከዚያ ሳፋሪኮም መጣ። ከኬንያው ኩባንያ ጋር ሌሎች የውጭ ድርጅቶች ሆነው በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ፈቃድ ወሰዱ። በ2015 መስከረም 26 ቀን አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ሲጀምሩ ባሕር ዳር ቀድማ ገብታበት ነበር፤ ሙከራው መጀመሪያ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ የእኛይቱ ናት። በ07 የሚጀምር ቁጥር አየን። ልጆች በየመንገዱ ዳር ጃንጥላ ተክለው ሲም ይሸጡ ጀመር። መታወቂያችንን አሳይተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት በሚፈጀው ጊዜ ቁጥር ይዘን እንመለሳለን። ተራ ጠብቄ ሲም ላወጣሁት ለእኔ ይህ ራሱ ተአምር ነበር።

እኔም ዋጋውን ከዚህም ከዚያም ለቅሜ፣ ከባቄላዋ ጣሳ ጋር አስተያይቼ፣ ጥቅል በወር ከተገዛና አንዳንዶቻችን ወደ ርካሹ ከተዛወርን ብዙዎቻችን ለስልክ የምናወጣውን በግማሽ ልንቀንስ እንደምንችል አሳየሁ። ተጨበጨበ። ከእኛ ውስጥ አሥራ አንዱ ቀየሩ። የሳምንት ቁጠባውም ወደ 30 ብር አደገ። በዚያ ገንዘብ ሁለት ሰዎች ለመስቀል ከማኅበሩ ተበድረው ሥራ ጀምረዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ጥፋት ነበር አልልም።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ታሪኬን ንገሪው፣ ስሜን ግን አትጥሪ ብለዋል፣ እንደዚያው አደርጋለሁ።

እማማ ዓሣ ነጋዴ ናቸው። ሥራቸውን የማታውቁ ካላችሁ፣ ዓሣ ሽንኩርት አይደለም፤ ዛሬ ካልተሸጠ ነገ የለም። ሌሊት መረብ የጣለው ዓሣ አጥማጅ ንጋት ላይ ደውሎ «ቆሮሶ ይህን ያህል አለኝ፣ አምባዛ የለም» ይላቸዋል። እሳቸው ከሐይቁ ዳር ሳይደርሱ ለሦስት ለአራት ምግብ ቤት ደውለው ስንት ኪሎ እንደሚወስዱ ይጠይቃሉ። በጾም ወራት፣ ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም በሚከራከርበት ጊዜ፣ ስልካቸው ለአፍታ አያርፍም። ስለዚህ የስልክ ወጪያቸው ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ በሒሳቤ መሠረትም ከሁሉም በላይ የሚያተርፉት እሳቸው ነበሩ። «እማማ፣ እርስዎ ቢቀይሩ ከሁላችን የበለጠ ይጠቀማሉ» አልኳቸው። አመኑኝ።

ስልካቸው አንድ ሲም ብቻ የሚይዝ፣ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው። አዲሱን ሲም ስናስገባ አሮጌውን አወጣን። «ይሄንንስ?» አሉኝ። «ያስቀምጡት» አልኳቸው፣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ነጠላው ታጠበ፣ ቋጠሮው ተፈታ፣ ሲሙ ጠፋ። ለአጥማጆቹና ለምግብ ቤቶቹ አዲሱን ቁጥር በአካል እየዞሩ ሰጧቸው። በሥራቸው በኩል ምንም አልጎደለም። የመጀመሪያው ወር ያተረፉት ብር እኔ ካሰላሁት በ5 ብር ብቻ ነው የሚለየው። እኔም በራሴ ኮራሁ።

እኔ ያልጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነበር። «እማማ፣ ይህን ቁጥር በቃሉ የያዘ ሰው ማን ነው?»

ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። የራሷ ስልክ አልነበራትም፤ አሠሪዋ ወስዳባታለች። በሁለት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም በወር አንዴ፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ወይም ጎረቤት ካለች ሌላ ኢትዮጵያዊት ስልክ ለምና ትደውላለች። በራሷ ውስጥ የያዘችው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የእናቷ አሮጌ 09። እሱን ደውላ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ድምፅ ብቻ ትሰማለች። እናትየው በበኩላቸው የሚደውሉበት ቁጥር የላቸውም፤ ልጅቱ በየጊዜው ከሌላ ሰው ስልክ ነው የምትደውለው።

ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን መላ አይጠፋም ነበር። የጎረቤት ልጅ ኢሞ አለው፣ ፌስቡክ አለው፣ እዚያ ካሉ ልጆች አንዷን ፈልጎ መልእክት ይልካል። ነገር ግን በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋረጠ፣ ለብዙ ወራትም ጠፍቶ ቆየ። ያንን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በርካሽ ገዝተን ያስቀመጥነው ጊጋባይት ሁሉ ምንም አልሆነልንም። የቀረን ድምፅና አጭር መልእክት ብቻ ነበር፤ የእማማ ልጅም የምታውቀው ድምፅ ያለው በጠፋው ሲም ላይ ነው።

አንድ ወር አለፈ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልን። ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ በኋላ እማማ ወደ ስብሰባ መምጣት ቀነሱ። በሦስተኛው ወር ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ዓሣውን ሲመዝኑ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልጄ ሞታለች ብለው ነበር። ማንም አልነገራቸውም፣ በልባቸው ግን ጨርሰውት ነበር። ያኔ ነው «መቼ ነው መጨረሻ የደወለችልዎ?» ብዬ የጠየቅኳቸው። ቀኑን ነገሩኝ። ሲሙን ከቀየርንበት ሳምንት በፊት ነው። እዚያው ገበያው መሐል ቁጭ አልኩ፤ እግሬ አልያዝ አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ አገልግሎት ማዕከል ይዣቸው ሄድኩ። ምትክ ሲም ይሰጠን አልን። ልጅቷ ቁጥሩን አይታ «በስምዎ አይደለም» አለች። ቁጥሩ የወጣው በወንድማቸው ልጅ ስም ነው፤ ያኔ ሲም ሲገዛላቸው በራሱ መታወቂያ ነበር ያወጣው። አሥር ዓመት ሲጠቀሙበት የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን አያውቁም። ልጅቷን መውቀስ አይቻልም፤ ለመጣው ሁሉ የሌላ ሰው ቁጥር ቢሰጥ የማናችንም ገንዘብ አይተርፍም ነበር። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ መርዓዊ ነው ያለው። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። እሱ እስኪመጣ ሌላ ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ሲም ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል ሲሉ ሰምቼ ነበርና።

አልተሰጠም ነበር። ልጁ መጣ፣ ምትኩን አወጣ፣ ቁጥሩም በእማማ ስም እንዲዛወር አደረግን። እኔ ሁለት ሲም የምትይዝ ስልክ ገዛሁላቸው። ከማኅበሩ ገንዘብ አልነበረም፣ ከራሴ ነው፤ ይህን የምለው ለመመስገን ሳይሆን ደብተሩን የምታዩ ሰዎች እንዳትፈልጉት ነው። ከዚያም ጠበቅን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራ።

ልጅቱ ያለችውን እማማ ነግረውኛል። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ሞታለች ብዬ ብቻዬን ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ሐዘን ተቀምጬ ነበር።» ሁለቱም በየፊናቸው አንዳቸው ሌላቸውን ቀብረው ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ደግሞ በወር አንድ መቶ ምናምን ብር ለማትረፍ እኔ የሰጠሁት ምክር ነው።

ይህን ከጨረስኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለ ስልክ ማንም ሲጠይቀኝ «እኔ አላውቅም» እል ነበር። አሁን ግን የተነሣሁት ዋጋው ዳግመኛ ስላሳሰባችሁ ነው። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያልጨመረ ነገር የለም። በ2017 መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮምም በአንዳንድ አገልግሎቶቹ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አድርጓል። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ባለፈው ሳምንት «ልቀይር ወይ?» ብላችሁኛል። መልሴ ይኸው፦ አትቀይሩ፣ ጨምሩ።

ለምን? በአገራችን የሚደውል ነው የሚከፍል፣ የሚቀበል አይከፍልም። አሮጌውን ሲም ጥሪ ለመቀበያ ብቻ ብታስቀምጡት ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ርካሽ በሆነው ትደውላላችሁ፣ በታወቀው ትቀበላላችሁ። ይህን ከእኛ በፊት የኬንያ ሴቶች ደርሰውበታል። እዚያ ከእኛ ብዙ ቀድሞ ብዙ ኩባንያ ነበራቸው፤ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኩባንያዎቹ የጥሪ ዋጋ እየቀነሱ ሲፎካከሩ ከርመዋል። በ2011 ደግሞ ቁጥርን ሳይቀይሩ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መዛወር ተፈቀደላቸው። የተጠቀመበት ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሁለት ሲም ይዞ ቀጠለ፤ አንዱ በርካሽ ለመደወያ፣ ሌላው ለኤም-ፔሳ ገንዘቡ። በእኛም አገር ሕጉ ቁጥር ይዞ መዛወርን ያስባል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በተግባር ግን እኛ ጋ ገና ስላልደረሰ 09 ያለው 09ኝነቱን ይዞ ወደ 07 አይሄድም። ሲደርስ እኔ ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ።

የቁጥር ነገር ደግሞ የጥሪ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከመጣ ወዲህ ገንዘባችን ከቁጥራችን ጋር ታስሯል። ሲሙን ስትጥሉት ቴሌብሩ ላይ ያለውን ብር፣ የተበደራችሁትንም፣ እዚያው ትታችሁት ነው የምትሄዱት። በባንክ በኩልም እንዲሁ ነው፤ ከቀድሞው አብቁተ ከዛሬው ፀደይ ባንክ የተበደራችሁ ወይም ንግድ ባንክ ደብተር ያላችሁ፣ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ መልእክቱ የሚመጣው በሰጣችሁት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የሌላ ሰው ከሆነ መልእክቱ ለሌላ ሰው ይደርሳል። ፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡም የሰጣችሁት ቁጥር አለ፤ የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው በእሱ ነው። አንዲት እህታችን ፋይዳ ስትመዘገብ የልጇን ቁጥር ሰጥታ፣ ልጇ ደግሞ ሲሙን ጥሎ አዲስ አበባ ሄዷል። አሁን ኮዱ የሚሄደው ወደ ጠፋ ሲም ነው።

ስለዚህ አዲስ ሲም የምትጨምሩ ካላችሁ ርካሽ መሆኑን ብቻ አትጠይቁኝ፤ እኔ ሦስት ነገር መልሼ እጠይቃችኋለሁ።

ለማን ነው የምትደውዪው? አንዳንዱ ጥቅል የሚያገለግለው በራሱ መስመር ላሉ ደንበኞች ብቻ ነው፤ የምትደውዪላቸው ሰዎች በሙሉ በሌላው መስመር ከሆኑ የተገዛው ደቂቃ ሳይነካ ቀኑ ያልፋል፣ አንቺም ከጥቅል ውጪ ትከፍያለሽ። ስልክሽን ከፍተሽ መጨረሻ የደወልሽላቸውን ሃያ ሰዎች ቁጠሪ፤ ስንቱ 09፣ ስንቱ 07 እንደሆነ እይ። ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ይነግርሻል።

የት ቆመሽ ነው የምትደውዪው? ይህን በቃል ሳይሆን በእግራችን አጣርተናል። ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን ሁለቱንም ሲም በአንድ ስልክ ላይ አድርገን ዞርን፤ ከሽምብጥ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም በጀልባ እስከ ዘጌ። ያስገረመን ነገር፣ አንደኛው ጥሩ የሚሠራበት ቦታ ላይ ሌላው ይጠፋል፣ ትንሽ ራመድ ስንል ደግሞ ይገለበጣል። የትኛው የት እንደሠራ አልናገርም፤ አንደኛ ምሰሶ በየጊዜው ይጨመራል፣ ሁለተኛ የእኔ ስልክ የእናንተ ስልክ አይደለም። የራሳችሁ ጉሊት ላይ፣ የራሳችሁ ማድ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት። ከዘጌ ቡና ለምታመጡት ደግሞ ጀልባው ላይ ሳትወጡ ሞክሩ፣ መሐል ሐይቅ ላይ ሆኖ መማር ይከብዳል።

በምን ስልክ ነው? ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ጊጋባይት ነው። ስልክሽ የቁልፍ ከሆነ ያ ሁሉ ለአንቺ አይደለም። ለአንቺ የሚያስፈልግሽ የድምፅ ጥቅል ነው፤ በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777# ደውለሽ የድምፁን ብቻ ምረጪ። የቀን ጥቅል ከመግዛትሽ በፊት የሳምንቱንና የወሩን ዋጋ በቀን አካፍዪ። በወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ለዚህ እንኳ አቆጣጠራችን ተመችቶናል። የወሩ ብር አንድ ላይ ካልተገኘ፣ ይህን ሰብሳቢያችን ተስማምታለች፣ ማኅበሩ ያለ ወለድ በአራት ሳምንት የሚመለስ ያበድራል። ከሲኒ ዘይት ወደ ሊትር ዘይት መውጫው እሱ ነው፤ ከአሥራ አንዱ ሰዎች ትርፍ ውስጥም አብዛኛው የመጣው ኩባንያ ከመቀየር ሳይሆን ከቀን ጥቅልና ከካርድ ወደ ወር ጥቅል ከመሄድ ነው። ይህን ያኔ ለይቼ ሳልነግራችሁ መቅረቴ ሌላው ጥፋቴ ነው። እማማ ሲማቸውን ሳይነኩ ከትርፋቸው ብዙውን ሊያገኙ ይችሉ ነበር።

አሮጌውን ሲም ያስቀመጣችሁ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አይደለም የሚቀመጠው። በወር አንድ ቀን፣ እንበል ቁጠባ በምንከፍልበት የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ትንሽ ሙሉበት፣ ለአንድ ሰው ደውሉበት። ስንት ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ እንደሚዘጋ ከራሱ ከአገልግሎት ማዕከሉ ጠይቁ፤ ደንቡ ስለሚለወጥ ከእኔ አትውሰዱት።

ስለ ሽልማት ደዋዮች ብዙ አልናገርም፣ በኅዳር ተነጋግረናል። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ በየትኛውም ሲም ቢደውል።

የማኅበራችን ቁጥርም ጉዳይ አለ። እስካሁን ለባንኩም ለወረዳውም የሰጠነው የእኔን የግል ቁጥር ነው። ነገ እኔ ብታመም ወይም ብሄድ እማማ የደረሰባቸው ነገር በማኅበሩ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በማኅበሩ ስም የሚወጣ፣ በሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች የሚያውቁት አንድ ሲም እንዲኖረን ሐሳብ አቀርባለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስትመጡ ስልካችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። ከዚያ በፊት ሁላችሁም ቤት ሄዳችሁ አንድ ነገር አጣሩ፤ ቁጥራችሁ በማን ስም ነው? በባላችሁ፣ በወንድማችሁ፣ በሟች አባታችሁ ስም የሆነ ካለ ስሙ የተጻፈበት ሰው በሕይወትና በቅርብ ሳለ ይዛወር። አብረን እንሄዳለን፣ እኔ ተራ እይዛለሁ። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ ውጭ አገር ልጅ፣ እህት፣ ባል ያላችሁ፣ ሲደውሉላችሁ ከእናንተ ቁጥር ሌላ ሁለተኛ ቁጥር በቃላቸው እንዲይዙ አድርጉ። የጎረቤት ይሁን፣ የእኔም ይሁን። የእማማ ልጅ አሁን የእኔን ቁጥር በቃሏ ይዛለች። ባለፈው እሑድ ደውላልኝ ነበር፤ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስልካቸውን ዘግተውት ነው። «ደህና ናቸው፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው» አልኳት። «እሺ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ፣ አንቺው አውሪኝ» አለችኝ። ስለ ዓሣ ዋጋ አወራኋት።

የሐሙሱ ቡና በእኔ ነው። እማማ ደግሞ ቆሮሶ ጠብሰው እንደሚያመጡ ነግረውኛል፣ ስለዚህ አትዘግዩ።